ለአባታችን በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር መጣላቸው፤ ሐዋሳ ላይ ከምን ከምን እንጠንቀቅ?

የአላሙራ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። አባታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ደክሟል። ንግግራቸው ደህና ነው፤ ቁጣቸውም እንደ ድሮው ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በቅርቡ ያገለገለ በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር ላከላቸው። በቀኝ ክንድ ማሳረፊያው ላይ ትንሽ መሪ አለችው፤ ወደ ፈለጉበት ሲገፏት ወንበሩ ይሄዳል። መመሪያ መጽሐፍ አብሮት አልመጣም።

እናቴ «ይህ ነገር አንድ ቀን ይዟቸው ይጠፋል» ብላ ሳሎን ጥግ አቁማ በአንሶላ ሸፍናዋለች። እሳቸው ደግሞ «ከእንግዲህ እንደ ጋሪ አትገፉኝም» ብለዋል። ሐሳባቸው ገብርኤልን መሳለም፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር መቀመጥ፣ ከተቻለም አሞራ ገደል ደርሰው ዓሣ መብላት ነው። ሰፈራችን ኮብልስቶን ነው፤ የግቢያችን በር ደግሞ ከፍ ያለ ደፍ አለው። ባትሪውን እንዴት እንሙላ? መንገድ ላይ በየት በኩል ይሂዱ? ዝናብ ሲመጣስ? የምታውቁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉን።

ባለ አራት ጎማ

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። እኔ አከርካሪዬ በመኪና አደጋ ከተጎዳ ወዲህ ሐዋሳን የምዞራት በዚህ ዓይነት ወንበር ነው። ስለ ባትሪው ባለሙያዎቹ ይነግሩሻል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሰው ልንገርሽ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ወንበሩም ቢሆን ጨዋ ነው፤ መሪዋን ሲለቋት ይቆማል። እኔን የሚያስፈራኝ ሊረዳኝ የሚሮጠው ሰው ነው።

ከወንበሩ በስተኋላ፣ ከሞተሮቹ አጠገብ ማንሻ ታገኛላችሁ። በአንዳንዱ አንድ፣ በብዙዎቹ ግራና ቀኝ ሁለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም አለው። ማንሻው በመንጃ ቦታው ሲሆን ጎማው ከሞተሩ ጋር ተያይዟል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ወደ መግፊያው ቦታ ሲዞር ግን ወንበሩ ይለቃል። ያን ጊዜ በእጅ መግፋት ይቻላል፤ ፍሬን የሚባል ነገር ግን የለም።

አንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ራምፑ (በደረጃ ፈንታ የተሠራው ተዳፋት መውጫ) መሀል ደርሼ ወንበሬ ቆመ። አንድ ደግ ሰው መጣና ከኋላ መግፋት ጀመረ፤ አልነቃነቅ አልኩት። ሌላው ጎንበስ ብሎ ፈለገ ፈለገና ማንሻዎቹን አገኛቸው። «አሁን ቀለለ!» አለ ደስ ብሎት። እውነትም ቀሎ ነበር። የሚገፋው ሰውዬ ስልኩ ሲጮህ አንድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ወንበሩም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። የብረት መደገፊያውን ባላገኘው ኖሮ የምቆመው አስፋልቱ ላይ ነበር። ሁለቱም ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ሲለያዩኝ መርቀውኝ ሄዱ።

ስለዚህ ማንሻዎቹን ዛሬውኑ ፈልጉ፤ አባታችሁም እናታችሁም ይወቋቸው። ተዳፋት ላይ ፈጽሞ አይነኩም። ሜዳ ላይ ተነክተው ከሆነም ሰው ከመቀመጡ በፊት ወደ መንጃ ቦታቸው ይመለሱ።

ሁለተኛው ነገር ማንሳት ነው። እዚህ አገር ዊልቸር ደረጃ ፊት ከቆመ አራት ጎረምሳ ሳይጠሩ ይደርሳሉ። የባትሪ ወንበር ግን እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 150 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰውየው ሳይቆጠር ማለት ነው። የሚይዙት ደግሞ የክንድ ማሳረፊያውንና የእግር ማስቀመጫውን ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ሲሳቡ እንዲወጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው! የክንድ ማሳረፊያው በእጁ ቀርቶ የደነገጠ ልጅ አይቻለሁ። ግድ ማንሳት ካስፈለገ ሰው ይወርዳል፣ ባትሪዎቹ ይወጣሉ፣ የሚያዘውም ዋናው ብረት ነው። «አትንኩ፤ መጀመሪያ ጠይቁኝ» ማለትን ይልመዱ። መምህር ከነበሩ ይህ አይቸግራቸውም።

ቮልቴጅ

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሰካ። 110 ወይም 115 ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ ግድግዳ 220 ቮልት ስለሆነ ወዲያው ይቃጠላል። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህ ያጋጥማል።

ወንበሩ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘዋል። ዓይነታቸው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ባዶ ሆነው መክረምን አይወዱም። ወንበሩ በተነዳበት ቀን ማታ ይሰካ፤ እስኪሞላ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። «ሙሉ በሙሉ ይለቅና ይሞላ» የሚለው የድሮ የሞባይል ወሬ እዚህ አይሠራም፤ ባትሪውን ይገድለዋል። ሳሎን ጥግ ቆሞ በከረመ ቁጥርም እያረጀ ነው፤ እናታችሁ አንሶላውን ያንሱለት። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት፤ ስታቢላይዘር ካላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። መውጫ በር ላይ፣ መጋረጃ ሥርና ከሰል አጠገብ አትሙሉት።

ሁለቱ ባትሪዎች የሚቀየሩት አንድ ላይ ነው። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ካደረጋችሁ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

ቁጠባ

ባትሪው ሲሞት ይህን ሁሉ ወጪ ምን አመጣው? የአጎቴ ልጅ ሁለት የመኪና ባትሪ ገጥሞለት በሰላም ይነዳል። በየመለዋወጫው ሱቅ ይገኛል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቮልቴጅ

ቁጠባ፣ ይነዳል፤ አልክድም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ለመስጠት ነው። ቀስ እያለ ለሰዓታት ሲለቅ ውስጡ ያሉት ስስ ሳህኖች ቶሎ ይጎዳሉ። ስለዚህ ቆጥበሃል ያልከው ገንዘብ ብዙ ሳይቆይ ይመለስብሃል። ገንዘቡንም ተወው። የመኪናው ባትሪ ፈሳሽ አሲድ ያለው ከሆነ ወንበሩ ሲያጋድል አሲዱ ይፈስሳል፤ የሚቀመጠውም ሰው እግሩ ላይ ስሜት ከሌለው ቃጠሎውን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሲሞላ ደግሞ ሃይድሮጂን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ በዝግ መኝታ ክፍል ውስጥ ሻማ ካለ አስበው።

ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ የሚሠራ ባለሙያ እየበዛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጉ እንጂ ሬዲዮ ጠጋኝ አትመኑ። ይህን የምለው ራሴ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ነው።

ፊዚዮዋ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ወንበሩ ትጽፋላችሁ፤ እኔ የገረመኝ ግን «ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው» የሚለውን ማንም አለማንሳቱ ነው።

የአላሙራ ልጅ፣ የግራ አካል ሲደክም ብዙውን ጊዜ የተጎዳው የአንጎል ቀኝ ክፍል ነው። የዚያ ክፍል ጉዳት አንዳንድ ሰው ላይ እግርና እጅ ከማድከም አልፎ ግራውን ዓለም ያስረሳል። ዐይናቸው ደህና ነው፤ አእምሯቸው ግን በግራ በኩል ያለውን አይቆጥረውም። ከሰሃናቸው ላይ የግራውን እንጀራ ይተዋሉ? ከግራ ስትጠሯቸው ዞር የሚሉት በቀኝ ነው? ጢማቸውን ሲላጩ ግራ ጉንጫቸው ይቀራል? እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ከግራ የሚመጣውን ባጃጅ ላያዩት ይችላሉ፤ ብቻቸውን መንገድ ላይ መውጣት የለባቸውም። ሐኪም ወይም የአካል ማገገሚያ ባለሙያ ይያቸው።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት የምትችሉት አለ። ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ ይንዱ። የበሩን ግራ መቃን ደጋግመው ከነኩ መልሱን አገኛችሁ። ለሚሻሻል ሰው የግራው ክንድ ማሳረፊያ ላይ ደማቅ ቀይ ፕላስተር መለጠፍና ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት «ፕላስተሩን ይፈልጉ» ማለት ይረዳል፤ አንገታቸውን ወደ ግራ ማዞር ይለምዳሉ።

ግራ እጃቸው ደግሞ ሳያውቁት ተንሸራቶ ወደ ጎማው ሊወርድ፣ በርና ወንበር መካከልም ሊጨፈለቅ ይችላል። ትራስ አድርጋችሁ ክንድ ማሳረፊያው ላይ አስቀምጡላቸው። የወገብ ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ይታሰር። ኮብልስቶኑ ሲነቀንቃቸው ወደ ፊት እየተንሸራተቱ የሚወርዱት ቀበቶው ሲላላ ነው።

ሲወርዱና ሲወጡ አስቀድሞ ወንበሩ ይጥፋ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ወንበሩ እንደበራ ሲነሱ ክንዳቸው ወይም የኮታቸው ጫፍ መሪዋን ከነካት ወንበሩ ይሄዳል። ከዚያ የእግር ማስቀመጫው ይታጠፍ ወይም ይነሳ። እሱ ላይ የቆመ ሰው ወንበሩን ወደ ፊት ይደፋዋል። አልጋው ወይም ሶፋው በደህናው፣ በቀኝ ጎናቸው በኩል ቢሆን ይቀላቸዋል።

የመንታ እናት

ከመንታዎቼ አንዷ በባትሪ ወንበር ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ሲስተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የሰፈር ልጆችን ነው። ከኋላ ይንጠለጠላሉ፣ መሪዋን «እኔም ልሞክር» ይላሉ። ቁጣ አልሠራልኝም። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ሰብስቤ ወንበሩ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚያዝ፣ ለምን እንደማይነካ ራሷ ልጄ እንድታስረዳቸው አደረግሁ። አሁን ሌላ ሰው ሲነካ የሚቆጡት እነሱ ናቸው። አያት ቤት የልጅ ልጅ አይጠፋምና ወንበሩ ቆሞ ሲያድር ይጥፋ፤ ቁልፍ ካለውም ቁልፉ ይውጣ።

የፒያሳ ባጃጅ

ሹፌር ነኝ፤ ከእኛ ወንበር ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጭንቅላቱ የቆመ ልጅ ያህል ነው ከፍታው። ከቆመ ሚኒባስ ፊት ለፊት ብቅ ካለ የማየው ሲደርስብኝ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ረጅም ቀጭን ዘንግ አስራችሁ ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ብታደርጉ ከሩቅ አየዋለሁ። ከጀርባና ከጎን ደግሞ አንጸባራቂ ይለጠፍ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወዲህ ያለ መብራት አይውጡ።

ሐይቅ ዳር የሚያስኬደውን መንገድ በተመለከተ፣ ሐይቁ በምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደዚያ የምንነዳ ሰዎች ፀሐይዋ ዐይናችን ላይ ናት። ሰው ሐይቅ ዳር የሚወርደው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። አባታችሁ በ9 ሰዓት ቢሄዱ ይሻላል።

መሻገርን አስሉት። ወንበሩ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር ከ8 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በ40 የሚመጣ ባጃጅ በዚያ ጊዜ ወደ 90 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ ዝቅተኛው ላይ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ነው። ሜዳ መንገድ ሲሻገሩ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ቀጥ ብለው ይሻገሩ፤ መሀል ላይ ሐሳብ አይቀይሩ። እኛን የሚያሳስተን መሀል ላይ የሚያመነታው ነው።

እና ለምን አስፋልት ላይ ይሄዳሉ? የእግረኛ መንገድ አለ አይደል?

ባለ አራት ጎማ

የእግረኛ መንገድ አለ ወንድሜ። በላዩ ላይ ደግሞ ሊስትሮ አለ፣ የጀበና ቡና አለ፣ የቆመ ሞተር ሳይክል አለ፣ ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ከዚያም መጨረሻው ላይ መውረጃ የሌለው ጠርዝ ይጠብቅሃል። ያለበት ቦታ ላይ እኔም እዚያው ነኝ፤ ሲቋረጥ ግን ወደ አስፋልቱ ጠርዝ እወርዳለሁ። ስወርድም እንደ እግረኛ ግራዬን ይዤ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየሁ ነው።

የፒያሳ ባጃጅ

ጋሼ፣ ፊት ለፊት ሲመጡብኝ እኔ የት ልግባ? ብስክሌት እንኳ ከእኛ ጋር በቀኝ ነው የሚሄደው።

ባለ አራት ጎማ

ብስክሌት ይፈጥናል፤ እኔ የእግረኛ ፍጥነት ነው ያለኝ። ከኋላዬ የምትመጣውን ማየት አልችልም፤ አንገቴን ማዞር ይከብደኛል። ከፊቴ ስትመጣ ግን ዐይንህን አያለሁ፤ ስልክህን እያየህ ከሆነም አውቃለሁ። አደባባይ አካባቢ ግን ትክክል ነህ፤ እዚያ እኔም አስፋልት ላይ አልሄድም፤ ዞሬ በሰው መሻገሪያ ነው የማልፈው።

የቦይ ነገር ከተነሳ፣ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች የብረት ፍርግርግ መካከል ይገባሉ። ፍርግርጉን ሲያቋርጡ ብረቶቹ ከተዘረጉበት አቅጣጫ ጋር ጎን ለጎን አይሂዱ፤ መስቀለኛ ያቋርጡት። ኮብልስቶኑ ላይ ድንጋይ የተነቀለበትን ጉድጓድ ካዩ ይዙሩት።

ቁጠባ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ባትሪ፣ ባንዲራ፣ ፕላስተር፣ ባለሙያ... በእጅ የሚገፋው ዊልቸር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የሚገፋ የልጅ ልጅ ደግሞ ሞልቷል። ለእኛ አገር መንገድ ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?

ፊዚዮዋ

በእጅ የሚነዳውን ለማሽከርከር ሁለት ደህና እጅ ያስፈልጋል። የእሳቸው አንድ ነው። በአንድ እጅ ብቻ ጎማውን ሲገፉ ወንበሩ ዙሪያውን ይሽከረከራል። እንዲህ ያለውን ወንበር የሠራው ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ያሰበውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክንዳቸው ጭምር ሽባ ሆኖ ለተመለሱ ወታደሮች ነበር። እነሱንም የሚገፋ ነርስ አልጠፋም ነበር።

የእጁን ዊልቸር ግን አትጣሉት። ባትሪው ያለቀ ቀን፣ ሚኒባስ የሚሳፈሩበት ቀን፣ ራምፕ የሌለው ቤት የሚሄዱበት ቀን እሱ ያስፈልጋል።

በያጅ ከአቶቴ

የግቢውን ደፍ ለእኔ ተዉት። ብዙ ሰው መጥቶ «አንድ ቁራጭ ላሜራ ጣል አድርግልኝ» ይላል። የደፉ ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 መርዘም አለበት፤ አንድ ለአሥራ ሁለት የሚባለው ስሌት ነው። ብዙ ሕንፃ በር ላይ የምታዩት ራምፕ ግን ለይስሙላ የተጣለ ነው፤ አንዳንዱን በእግሬም ስወጣው አንፈራጥጣለሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። አዋጁን ያነበበ ደንበኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ላሜራው ለስላሳ አይሁን፤ ሲዘንብ ሳሙና ነው የሚሆነው። ባለ እህል የሚባለውን፣ ፊቱ ሻካራ የሆነውን አድርጉ። ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ እበይድለታለሁ፤ ጎማ እንዳያመልጥ። ከላይ ደፉን የሚነክስ መያዣ ከሌለው ራምፑ ራሱ ይሸሻል። ዊልቸሩንም ይዛችሁ ኑ፤ የባንዲራውን ማሰሪያ እዚያው እበይድላችኋለሁ።

ቮልቴጅ

በያጅ፣ ወንበሩ ላይ ብየዳ የለም! የብየዳው ኤሌክትሪክ በብረቱ ዞሮ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። ማሰሪያውን ለብቻው በይደህ በብሎን አስረው።

በያጅ ከአቶቴ

ይሁን፤ በብሎን።

ባለ አራት ጎማ

ራምፕ ሲወጡ ቀጥ ብለው፣ ገላቸውን ትንሽ ወደ ፊት ሰጥተው ይውጡ። መሀል ላይ መዞር የለም፤ ወንበር ወደ ጎን የሚወድቀው ተዳፋት ላይ ሲዞር ነው። ሲወርዱ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ በዝቅተኛው ፍጥነት። መቆም ሲፈልጉም መሪዋን በቀስታ ይልቀቋት እንጂ ማጥፊያውን አይጫኑ፤ በድንገት ሲጠፋ ወንበሩ ደርቆ ይቆምና ሰውን ወደ ፊት ይወረውራል። ከኋላ ያሉት ሁለት ትንንሽ መከላከያ ጎማዎች ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ ነው የተሠሩት፤ «መሬት ይነካሉ» ብሎ ሊያወልቃቸው የሚል ሰው አይጠፋም፤ እምቢ በሉ። ጀርባው ላይ ከባድ ቦርሳ አታንጠልጥሉ፤ ሽቅብ ሲወጡ ይገለብጣል። የገበያ ፌስታልም መሪዋ አጠገብ አይሰቀል።

አሞራ ገደልን እወደዋለሁ፤ ግን ዓሣ የሚበለትበት አካባቢ መሬቱ በውሃና በቅርፊት ያሟልጫል፤ ጎማው ቢዞርም ወንበሩ አይታዘዝም። ደረቁ ላይ ቆመው ዓሣው ይምጣላቸው። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ለወንበር መንገድ አይለቁም፤ ይተዋወቁ።

የአላሙራ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቻርጀሩ 240 ድረስ ይላል፤ ተሰክቷል። ማንሻዎቹም ተገኙ፤ ሁለቱም ወደ መግፊያው ዞረው ነበር፤ ለካ ለጉዞ ሲጫን ነው። ስለዚህ ነው «አይነሳም፤ ተበላሽቷል» ስንል የሰነበትነው።

ሲስተር፣ ያሉትን ሞከርን። የመኝታ ቤቱን ግራ መቃን በተደጋጋሚ መቱት። ሰሃናቸውንም አየን፤ ያሉት ነው የሆነው። እሳቸው «በሩ ነው የጠበበው» ብለዋል። ቀይ ፕላስተሩ ተለጥፏል፤ የሐኪም ቀጠሮም ይዘናል። እስከዚያ ከግቢ ሲወጡ አንድ ሰው በግራቸው ይሄዳል ብለን ተስማምተናል። ስምምነቱ እንዳይፈርስ እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ አብሮ የሚሄደው ሰው ወንበሩን እንዳይነካ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። እናቴ ቡና ስታፈላ ረከቦቱ አጠገብ መጠጋት ይወዳሉ፤ ያ ያስፈራኛል። ሌላው፣ ትናንት መሪዋ ሥር ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ብላ ወንበሩ እምቢ አለ፤ አጥፍተን ስናበራው ሠራ።

ፊዚዮዋ

ስለ ቡናው መፍራትሽ ልክ ነው። ተቀምጠው የራሳቸውን እግር ጫፍ አያዩትም፤ የእግር ማስቀመጫው ከጉልበታቸው አልፎ ወጥቷል፤ ከፍታውም የከሰል ምድጃው ከፍታ ነው። የደከመው ግራ እግር ደግሞ ግለቱን በጊዜው ላይነግራቸው ይችላል። ቦታቸውን ይምረጡ፣ ወንበሩ ይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከሰሉ የሚመጣው። ስኒውን በቀኝ እጃቸው ሲቀበሉ ያው እጅ ነው መሪዋን የሚይዘው፤ ወንበሩ ከበራ ክርናቸው ይነዳዋል። የጋቢያቸውን ጫፍም እጠፉላቸው፤ ጥለቱ ጎማው ላይ ከተጠቀለለ አንገታቸውን ይስባል።

ቮልቴጅ

ብልጭታውን ቁጠሩት። መቆጣጠሪያው የሚናገረው በዚያ ነው፤ ስንት ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደሚያርፍ ጻፉና ከወንበሩ ስምና ሞዴል ጋር ላኩልኝ። ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ባትሪ ማነስ፣ የላላ ሽቦ፣ ወይም መሪዋ ተነክታ እያለ ማብራት ሊሆን ይችላል። እምቢ ያለው መንገድ መሀል ቢሆን ኖሮ ምን ይደረጋል የሚለውንም አብሮ የሚሄደው ሰው ይወቅ፤ ያን ጊዜ ብቻ፣ ሜዳ ላይ፣ ማንሻዎቹ ይዞራሉ፤ ወንበሩም ተገፍቶ ከመንገድ ይወጣል።

ዝናቡን ረስተነዋል። መሪዋ ውሃ አትወድም። በክረምት ንጹሕ ፌስታል ኪሳቸው ይኑር፤ ጠብታ ሲጀምር መሪዋን ከነእጃቸው ያልብሱ። ጎርፍ በያዘው መንገድ አይግቡ፤ ሞተሩና ባትሪው ዝቅ ብለው ነው ያሉት፤ ጉድጓዱም አይታይም። በቧንቧ ጎማ አታጥቡት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የአላሙራ ልጅ

ደግሞ ወንበሩ ቀጥ ሲሉት ወደ ግራ ይስባል። ይህ የእሳቸው ነው የወንበሩ?

ባለ አራት ጎማ

አንቺ ተቀምጠሽ ንጂው። አንቺንም ከሳበሽ የወንበሩ ነው። ጎማዎቹ አየር የሚሞሉ ከሆኑ የግራው ጎድሎ ይሆናል፤ ወንበር ወደ ጎደለው ጎማ ይሄዳል። ጎሚስታ ጋ ውሰጂው፤ ግን ለጎሚስታው አትተዪለት። የጎማው ጎን ላይ የሚችለው የአየር መጠን ተጽፏል፤ እሱን አሳይው። የአይሱዙ መሙያውን ከሰካበት ከመነዳሪው ይፈነዳል።

በያጅ ከአቶቴ

የደፉን ቁመትና የበሩን ስፋት ላኩልኝ። ወንበሩ ከጎማ እስከ ጎማ ስንት እንደሆነም ለኩት፤ ጋቢያቸውን ሳትጨምሩ።